በፊልም የሞትኩ ለት

እንደምን ዋሉ፣ አያ ጀብሪል? ይግቡ፣ ከፀሐዩ ይግቡ። እዚህ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ይቀመጡ፤ ያኛው አግዳሚ ሰው አለበት። ጓድ ሊቀመንበር የኮታቸው ገበር ተቀዶባቸው እሱን እየጠበቁ ነው። ወልድያ ስብሰባ አለባቸው። ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ እስኪደርስ እጨርስላቸዋለሁ። ያለ ኮት ስብሰባ አይገባም፣ ስለዚህ የትም አይሄዱም። አይደለም እንዴ፣ ጓድ? ይረጋጉ፣ ትንሽ ነው የቀረው።

ቤት ሁሉ ሰላም ነው? ከድጃስ? ስምንተኛ ክፍል ገባች አሉኝ። ጎሽ። የምታነብ ልጅ ያለችው አባት መነጽር አያስፈልገውም።

ሽንኩርቱስ ዘንድሮ እንዴት ነው? ያምራል። ትናንት በገበያው መሐል ሳልፍ፣ ሳልገዛም ሳልልጥም እንባዬ ወረደ። የመርሳ ሽንኩርት እንዲህ ነው፤ ዘመድ ሳይሞት ያስለቅሳል። አንቱ የቅሬ ጠሪ ነዎት፣ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። ከኮረብታው ላይ ሆነው "ቅሬ ውጡ" ሲሉ እስላሙም ክርስቲያኑም የያዘውን ጥሎ ለቀብር ይወጣል። ሰው ከሞተ ሽንኩርት ምን ያደርጋል? ሽንኩርት ካለ ደግሞ… ሰውየው ባይሞትም ይቻላል።

ይህን ስል ያ ፊልም ትዝ አለኝ። ሳቁ? ይሳቁ። እኔም እስቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አገር ሲስቅብኝ እኔ ብቻ ብቀር ነውር ነው። እዚህ መርሳ ሱሪውን ለስፌት የሰጠ ሰው "የት ሄደህ ነበር?" ሲሉት ምን ይላል? "ሬሳው ጋ" ይላል። ይርጋ ብላ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ቀርታለች። ሰው ባለሙያ ሲሆን በሙያው ይጠራል፤ እኔ ግን መስፋቱን ከጀመርኩ አሥራ አምስት ዓመቴ፣ ሬሳ የሆንኩት ግማሽ ቀን። ሙያዬ ሆኖ የቀረው የግማሽ ቀኑ ነው። ጥሩ ሠርቼው ይሆናል።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ በስልሳ ስድስቱ ክፉ ቀን፣ ከዚህ ከመንገዱ ዳር ወድቆ ቀርቷል። ቅሬ አልወጣለትም። የሚወጣ ሰው ነበር እንዴ? ጠሪውም ተጠሪውም ተኝቶ… ይተዉት። እናቴ ትርንጎ እኔንና ታናሼን ፋንቱን ይዛ ተረፈች። አተራረፋችን አይወራም።

እንግዲህ በሰባ ዓመተ ምሕረት ስለዚያ ክፉ ቀን ፊልም የሚያነሡ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ረሃቡ ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ከኔ ሰውነት ግን ገና አልወጣም ነበር። አዘጋጁ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ነው። ተሰልፈን ቆመን አንድ በአንድ ሲያየን ቆየና እኔ ጋ ሲደርስ ፊቱ በራ። ሸሚዜን ገልጦ ጎድኔን አየ። "ይሄ ነው" አለ። ሰው በመልኩ ይመረጣል፣ በድምፁ ይመረጣል፤ እኔ በጎድኔ ተመረጥኩ። ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቅዎ? ከተወለድኩ ጀምሮ ስመረጥ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

"ምን ሆኜ ነው የምሠራው?" አልኩት።

"ሬሳ" አለኝ።

"ምሳ አለው?"

"አለው።"

ምሳ ያለው ሬሳ… እርስዎ ቢሆኑ እምቢ ይላሉ? ከሞቱ አሟሟቱ ይሉ የለ? እኔ ካየሁት አሟሟት ሁሉ የኔው ይሻል ነበር።

ችግሩ አልቃሹ ነበር። ለቀብሩ ሁለት መቶ ሰው ያስፈልጋል ተባለ። ወሩ እንዲህ እንዳሁኑ ኅዳር ነው። ማሽላው ደርሷል፣ ገበሬው ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ይጠብቃል። ለፊልም ብሎ እህሉን ለወፍ የሚተው ማነው? ሁለት ቀን ስብሰባ ተጠራ። ሰባት ሰው መጣ፣ ሁለቱ ደግሞ ስኳር የሚታደል መስሏቸው ነው።

ይኼኔ አንድ ብልህ ሰው ተነሣ። ስሙ ጠፋኝ… ጓድ፣ እርስዎ ያስታውሱታል? አያስታውሱም። ልክ ነው፣ ብዙ ብልሆች ነበሩን፣ ማን ማንን ያስታውሳል። ይህ ሰው ያኔ በቀበሌው ወረቀት ያዥ ነበር። "ይህ ሕዝብ በስብሰባ አይመጣም፤ በሞት ይመጣል። ቅሬ ይጠራ" አለ።

እስቲ ይፍረዱኝ፣ ይህን የሚያስብ ጭንቅላት ስንት ቦታ ይገኛል? ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ቅሬ ስንወጣ ኖርን፤ ሰው ሳይሞት መጥራት እንደሚቻል የገባው ነበር? የለም። አንድ እሱ ነው።

አይቀየሙኝ፣ አያ ጀብሪል፤ አንቱን አልወቅስም። ቀበሌ "ጥራ" ሲል ጠሪ ምን ያደርጋል? አፉ የአንቱ ነበር፣ ትንፋሹ የሰውየው። ከኮረብታው ላይ ሆነው "የትርንጎ ልጅ ይርጋ አርፏል፣ ቅሬ ውጡ" ሲሉ እኔ እታች ከቃሬዛው አጠገብ ቆሜ ዳቦ እየበላሁ ሰማሁት። ድምፅዎ ያምር ነበር። እውነቴን ነው፣ ለራሴ አዘንኩ። "ምስኪን፣ ገና ልጅ እኮ ነበር" አልኩ። ዳቦውንም ጨረስኩት።

አገሩ ወጣ። ከማማው ወረደ፣ ከመስኖው ወጣ፣ ዱላውን ይዞ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ነገሩ ፊልም ነው ሲባል ግማሹ ተራገመ፣ ግማሹ ሳቀ። ግን የሄደ አለ? ማንም አልሄደም። ቅሬ አንዴ ከወጣ ቃሬዛ ሳይሸኝ አይመለስም። ደንባችን ነው። ብልሁ ሰው ይህንንም ያውቅ ነበር። ደንባችንን እንደሱ የሚያውቅ ሰው አላየሁም፤ የት ጋ እንደሚያዝ ያውቃል… እንደ በሬ ቀንድ።

እንግዲህ ሳቅ የገባበት ሕዝብ እንዴት ያልቅስ? ሰውየው ለዚህም መላ ነበረው። ከጓሮው አንድ ጆንያ ሽንኩርት አስመጥቶ ለእያንዳንዱ ግማሽ ግማሽ ራስ አደለ። "በነጠላችሁ ያዙት፣ ካሜራው ወደናንተ ሲዞር አሽቱት።" ማልቀስ ያማረው ጭስ ወጋኝ ይላል፣ ይባላል። ይህ ጭስ ብቻ ላለው ነው። እኛ ሽንኩርት ነበረን።

እኔን በጋቢ ጠቀለሉኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ያለው ሰው ሬሳ ሆኖ አያውቅም። አንዷ ዝንብ በጋቢው ቀዳዳ ገብታ ከንፈሬ ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ አፍንጫዬን ጎበኘች። ሬሳ ዝንብ እሽ አይልም። እንዳለሁ አለሁ። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ እኔ በበላሁበት ዝም አልኩ። ከውሻ አነስኩ ማለቴ አይደለም፣ ሥራው እንዲህ ስለሚል ነው።

ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ፋንቱ ነበር። ገና አሥራ አራት ዓመቱ፣ ቁመቱ ግን ያኔም በልጦኛል። ታዲያ አዘጋጁ "የሟች ወንድም የሚሆን፣ ቃሬዛው ላይ ወድቆ የሚያለቅስ ሰው እፈልጋለሁ" አለ። ወንድሜ እዚያው ከትከሻዬ ሥር ቆሟል። ማን "እኔ" ቢል ጥሩ ነው? ብልሁ ሰው። እኔ እንኳ ጋቢ ለብሼ ነበር፣ ማን እንደሆነ በምን አያለሁ? ክብደቱ ግን ተሰማኝ። ደረቴ ላይ ወደቀ። ዳቦዬን እስከ ጉሮሮዬ መለሰው።

እናቴ የዚያን ጠዋት ጊራና ወርዳ ነበር። ቅሬ መጠራቱን መንገድ ላይ ነው የሰማችው። የማን ልጅ? የትርንጎ። የትኛው? ይርጋ። ፊልም ነው ብሎ የነገራት የለም። ብልሁ ሰው ረስቶት ይሆናል። ሰው ነው፣ ይረሳል። ሁለት መቶ ሰው አስታውሶ፣ ሽንኩርት አስታውሶ፣ አንዲት እናት ብትረሳ ይፈረድበታል? አዘጋጁ ግን፣ እኔ ገና ሳልነሣ፣ "እናትየው እንድትመጣ ያደረግኸው ግሩም ነው" ሲለው ሰምቻለሁ። እሱም "ምንም አይደለም" ሲል። የሰማሁት በጋቢ ውስጥ ስለሆነ ተሳስቼም ይሆናል።

መጣች። ድምፅዋ ከወንዙ ማዶ ነው የጀመረው። "አባትህን መንገድ በላው፣ አንተን ማን በላህ፣ ልጄ?" እያለች። አያ ጀብሪል፣ አንቱም እዚያ ነበሩ። ሽንኩርቱ ከሰው እጅ ሲወድቅ አይተዋል። ከዚያ በኋላ የሳቀ ነበር? አልነበረም።

እኔስ? እኔ ሬሳ ነኝ። ልነሣ ብዬ በቀዳዳው አጮልቄ ሳይ ባለ ባርኔጣው ሰውዬ መዳፉን እንዲህ ዘርግቷል፣ "እንዳትነሣ" ማለቱ ነው። አልተነሣሁም። እናቴ ደረቷን እየመታች፣ እኔ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ቆሎ ተቆልቶ እስኪበርድ ያህል። ለምን አልተነሣሁም ብዬ አሥራ አንድ ዓመት አሰብኩበት፤ ሌላ የተከበረ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ። ምሳው ስላልተሰጠኝ ነው።

ካሜራው ሲቆም ብድግ አልኩ። በጥፊ መታችኝ። ሳመችኝ። ደግማ መታችኝ። አዘጋጁ "እንዲህ ያለች ተዋናይ አዲስ አበባም የለች" ብሎ ለሷም ምሳ እንዲሰጣት አዘዘ። አልበላችም። የሷንም እኔ በላሁት።

…ይቅርታ፣ ጓድ። መርፌዋ ወፈረች፣ ገበሩ ስስ ነው። ልቀይራት። አውቶቡሱ ገና ነው።

ፊልሙ ወልድያ የመጣው በሰባ ሁለት ነው። እኔና ፋንቱ ከእህል ጭነት ላይ ወጥተን ሄድን። ሸሚዜን ለዚያ ቀን ብዬ ራሴ ነበር የሰፋሁት፤ አገር ሊያየኝ አይደል። እናቴ አልሄድም አለች። አዳራሹ ውስጥ ነጭ አንሶላ ወጥረዋል፣ ሰው እላይ በላይ ተቀምጧል። ስጠብቅ፣ ስጠብቅ… አንድ ሰዓት አለፈ። ከዚያ ቃሬዛው መጣ። ጋቢ። ጋቢ። ጋቢ። በመጨረሻ ከጋቢው ጫፍ የግራ እግሬ አውራ ጣት። ድንጋይ መትቶት ጥፍሩ የጠቆረው። ይኸው ነው። ረሃቡ፣ ጎድኔ፣ ዝንቧ፣ የእናቴ ጥፊ፣ ሁሉም ተጨምቆ አንዲት ጣት። አጠገቤ ለተቀመጠች ሴት "ያ ጣት የኔ ነው" አልኳት። በርጩማዋን ይዛ ራቅ አለች። ጫማዬን አውልቄ ላሳያት ነበር፣ ፋንቱ ከለከለኝ።

እሱ ግን ታየ። ከቃሬዛው ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ ካሜራውን አየና ፈገግ አለ። ለቅሶ ላይ መሆኑን ረስቶ። ቆርጠው ሊጥሏት የሚገባ ፈገግታ ናት፣ ሳያዩዋት አለፈች። ዓይን እስኪርገበገብ ብቻ። ጥርሱ ያምር ነበር።

ከዚያ አንሶላውን ሞልቶ አንድ ፊት መጣ። የሟች ወንድም። አፉን በነጠላ ይዟል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ በእንባ ተሞልቷል። በእንባው ላይ ደግሞ ድምፅ… "አባትህን መንገድ በላው፣ አንተን ማን በላህ?" የእናቴ ድምፅ። እናቴን ብፈልግ፣ ብፈልግ የለችም። አንዲት ጊዜ እንኳ አትታይም። ፊቱ የሱ፣ ድምፁ የእናቴ። ፊልም ሲሠራ እንዲህ ይገጣጠማል አሉ፤ የአንዱን እጅጌ ለሌላው ኮት እንደ መስፋት ነው። እኔ ሰፊ ነኝ፣ ይገባኛል። ስፌቱ አይታይም ነበር።

አዳራሹ አለቀሰ። ከፊት የተቀመጡ አንድ የአውራጃ ትልቅ ሰው መሐረባቸውን አውጥተው "ይህ ሰው የሕዝብ መከራ የገባው ነው" አሉ። በዚያው ዓመት ሰውየው ወንበር አገኘ። ይገባዋል። ስንቱ ወንበር የሚያገኘው በጠመንጃ ነው፤ እሱ በእንባ ብቻ… ያውም የራሱን ሳያባክን።

አሁን ፊቱን ባየው እለየዋለሁ? አልለየውም። በፊልሙ ያለቅሳል፤ ከዚያ ወዲህ ሲያለቅስ ያየው ሰው የለም።

ብቻ ፊልም የሚወድ ሰው ነበር። በሰባ ስድስት እንደገና "ፊልም አንሺዎቹ ተመልሰው መጥተዋል፤ ወጣቶች ታጥባችሁ፣ ንጹሕ ለብሳችሁ ኳስ ሜዳ ውጡ" ተባለ። ማን ነው ያለው? እንጃ፣ ድምፅ ማጉያው ነው ያለው። እኔን ግን ሰውየው ሜዳ አልጠራኝም፤ ለበዓል የሚሰቀል የመፈክር ጨርቅ እንድሰፋ እቢሮ አስቀምጦኝ ነበር። ይህን ውለታ አልክድም። ጨርቅ ባልሰፋ እኔም ነበርኩ።

ፋንቱ ሃያ ዓመቱ ነው። ሸሚዙን ማታውኑ ተኩሼ አስቀመጥኩለት። ሲወጣ ምን አልኩት? "ከፊት ቁም። እንደኔ ጋቢ ውስጥ እንዳትቀር። ፊትህ ይታይ።" ታላቅ ወንድም እንዲህ ይመክራል። መከርኩት፣ ሰማኝ።

ከፊት ቆመ። ሸራ የለበሱ መኪኖች መጡ። ካሜራ የለም። ከፊት የቆመ ቀድሞ ተጫነ። እኔ እቢሮ ውስጥ "ሁሉም ነገር ወደ ጦር…" የሚለውን ጨርቅ እየዘመዘምኩ የሞተር ድምፅ ሰማሁ፤ ፊልሙ ትልቅ ነው ማለት ነው፣ በመኪና መጡ አልኩ። እንዲህ ያለ ብልህ ነኝ።

የዚያ ሰው ልጅም የፋንቱ እኩያ ነበር፣ ያውቁታል። በዚያ ጠዋት ቁርጠት ያዘው። ይገርማል፣ መኪኖቹ የወልድያን ዳገት እንደጨረሱ ለቀቀው። ጠባቂ ያለው ልጅ በቁርጠትም ይጠበቃል። እናቴ ግን ልጆቿን ጤነኛ አድርጋ አሳደገች… የሷ ጥፋት ነው።

ሁለት ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ሁለት ዓመት ዝም። ባለፈው ሰኔ አብሮት የተጫነው ሀብቴ ከሰሜን ጦር ሜዳ አንድ እግሩን ትቶ ተመለሰ። "ፋንቱን በእጄ ቀበርኩት፤ ድንጋይም አኖርኩበት" አለኝ። ሀብቴ አይዋሽም። ዋሽቶ የሚሮጥበት እግር የለውም።

"ቅሬ እንጥራለት፣ እናቱ ታልቅስ" ብዬ በሐምሌ ቀበሌ ሄድኩ። ጥሩ አድርገው ተቀበሉኝ፣ ወንበር ሰጡኝ። "የወታደር ለቅሶ ያለ ወረቀት አይለቀስም፣ ሕዝብ ይረበሻል፤ ከበላይ ወረቀት ይምጣ" ተባልኩ። ሕግ ነው። ሕግ ይከበር። እኔን በሰባ ዓመተ ምሕረት ሲጠሩልኝ ወረቀት የጠየቀ አልነበረም፣ ሬሳውም ዳቦ ይበላ ነበር፤ ያ ግን ሌላ ጊዜ ነው። ለካ አገር ይሻሻላል። ዱሮ ያልሞተ ያለ ወረቀት ይለቀስለታል፤ አሁን የሞተም ወረቀት ከሌለው አልሞተም።

እናቴ ጥቁር አልለበሰችም። የሀብቴን ነገር ስነግራት ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? "አንተንም በቃሬዛ አይቼህ ነበር። ተነሣህ። ቅሬ ሳይጠራ አላለቅስም።" ማታ ማታ ለሱ ከመሶቡ ላይ ታስተርፋለች። ጠዋት እኔ እበላዋለሁ። የሰው ምሳ መብላት ልማዴ ሆኗል። ዓይኗ እየፈዘዘ ነው፣ አያ ጀብሪል፣ እግሯም አብጧል። ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ "ሳልሞት ልጄን ላልቅሰው፣ ወይም ይምጣ።"

ላም አለኝ በሰማይ ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ወንድም አለኝ በሲኒማ። ፈገግ እንዳለ ነው። ያ ሰው ፊቱን ይያዘው፣ ፊቱ የራሱ ነው። ድምፁን ግን ከእናቴ ነው የተዋሰው። አሥራ አንድ ዓመት ሠራበት፣ ወንበርም ገዛበት። አንድ ቀን ቢመልስላት ምን ይጎድልበታል? አንድ ቀን ብቻ፤ አልቅሳ ትጨርስ።

አሁንማ ጨረስኩ፣ ጓድ። ክር መቁረጥ ብቻ ነው የቀረው። ምነው፣ ተነሡ? አውቶቡሱ እንደሆነ ድምፁ ገና ከገበያው ማዶ ነው። ይቀመጡ።

ለወግ ያህል አንድ ነገር ልጨምር፣ አያ ጀብሪል። አንድ ሰፊ አውቃለሁ። እዚህ አይደለም፣ ሌላ አገር ነው። ኮት ለጥገና ሲመጣለት በመጀመሪያ ኪሱን ያያል። ኪስ ሲቀደድ ጉዱ ምን መሰልዎ? ባለቤቱ የከተተው ዕቃ በቀዳዳው ሾልኮ ገበሩ ውስጥ ይወድቃል። ባለቤቱ ጠፋ ይላል። ወይም ጠፋ ብሎ ደስ ይለዋል። ዕቃው ግን አልጠፋም፤ ከጎድኑ ጋር ተጣብቆ አብሮት ይዞራል፣ አብሮት ስብሰባ ይገባል። ይህ ሰፊ አንድ ቀን ገበር ሲፈታ አራት እጥፍ የታጠፈ ወረቀት አገኘ። ማኅተም አለው። ቀኑ ግንቦት። ስም በስም ተደርድሯል።

ሰፊው ያንብበው? ማንበብ ነውር ነው። ግን ፊደል ያስቆጠረው ማን ይመስልዎታል፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ሰሌዳ ፊት አቁሞ? ያው ባለ ኮቱ ነው። ጥሩ አስተማሪ ነበር። ያስተማረው ባይጠፋ ነው እንግዲህ፤ ሰፊው ዓይኑን ቢዘጋም ሦስተኛው መስመር ላይ ሦስት ፊደል ታየው። ፋ። ን። ቱ።

ሐምሌ ላይ "ወረቀት ይምጣ" ሲባል ወረቀቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ አያ ጀብሪል። ኮት ለብሶ።

ሰፊው ምን አደረገ? እኔ ምን አውቃለሁ። ጮኸ አሉ? አልጮኸም። ሬሳ ነበር አሉ፣ ዝም ማለት ይችላል። ባለ ኮቱስ "ወረቀቴን መልስ" ይላል? ከበላይ የመጣ የመንግሥት ወረቀት ስድስት ወር ገበር ውስጥ አዝያለሁ ብሎ ማን ፊት ይከሳል? ወልድያ ስብሰባ ላይ?

ይልቅ ይቺን ቁራጭ ጨርቅ ይያዙልኝ። አዎ፣ ያቺን፣ ጠቅለል ያለችውን። ለከድጃ ናት። ቤት ሲደርሱ ትፍታት፣ ውስጧ ያለውን ጮክ ብላ ታንብብልዎ። ስምንተኛ ክፍል የገባ ልጅ ሦስተኛ መስመር አያቅተውም። ነገ ጠዋት ኮረብታው ላይ ሲወጡ ጉሮሮዎን በማር ይሹት። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ለኔ የጠሩትን ያህል ለሱም ይጥሩለት። ለኔ ያማረ ድምፅ ለሱ አይጥፋ። ዳቦ የሚበላም የለም፣ ሬሳው እዚህ የለም… ግን አንቱ ብቻ ይጥሩ፣ እናቴ የምታለቅስበትን ታውቃለች።

ያው አውቶቡሱ ጡሩንባ ነፋ። ይምጡ፣ ጓድ፣ ኮትዎን ላልብስዎ። እጅዎን እዚህ… ምነው ቀዘቀዙ? ኪሱን በድርብ ክር ሰፍቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ የከተቱት ነገር አይወድቅብዎም። የሚከቱትን ግን ይምረጡ። ጥሩ ሆኖልዎታል፤ እንደ ፊልም።

መልካም መንገድ። ያን ብልህ ሰው ወልድያ ካገኙት ሰላም ይበሉልኝ፣ ሬሳው አመስግኖሃል ይበሉት። እግዜር ዕድሜውን ያርዝመው፣ አያ ጀብሪልም አሚን ይላሉ። ልጁን ጤና ይስጥለት፣ ከቁርጠትም ይጠብቅለት። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ… እግዜር ያርቀው… ሳይጠየቅ ወረቀቱ ይምጣለት። መርሳና ሐብሩ ሁሉ ይውጣለት፣ አንድ ሰው ማሳው ላይ አይቅርበት። እናቴም ትምጣ፣ ድምፅዋን ታውሰው። ዓይኑ የደረቀ ሰው አይኑር።

ሽንኩርቱን እኔ እችላለሁ።